ሐሞት መውጫ ሲያጣ፦ ፕላስቲክ ስቴንት፣ ብረት ስቴንት፣ የጎን ቱቦ ወይስ አዲሱ የአልትራሳውንድ ዘዴ?

ጥያቄ፦ «አባቴ 66 ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ጠቆረ፤ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነው የሚያድረው። መጀመሪያ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ የባህል መድኃኒት ጠጣ። በኋላ አዲስ አበባ ሲቲ ስካን ተነስቶ የቆሽቱ ራስ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር እብጠት ተገኘ። ሪፖርቱ ዕጢው ዋናውን የአንጀት ደም ቧንቧ ከቦታል ይላል። ጉበቱና ሳንባው ላይ ምንም የለም። የሐሞት ቱቦው 17 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ቢሊሩቢኑ 16 ነው። ናሙና ገና አልተወሰደም። አንዱ ሐኪም በኢንዶስኮፒ የፕላስቲክ ስቴንት እናስገባ አለን። ሌላው በጎኑ በኩል ቱቦ ገብቶ ከረጢት ይያዝ ይላል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ይሄ ሁሉ የድሮ ነው፣ አሁን በአልትራሳውንድ የሚሠራ አዲስ ዘዴ ስላለ ውጭ እንውሰደው እያለ ነው። ዘመዶቻችን ከተነካ ይሰራጫል ብለው ይፈራሉ። የትኛውን እንምረጥ? እሱ ካንሰር መሆኑን አያውቅም።»

ምላሽ፦ የቀረቡላችሁ ሦስቱም ሐሳቦች በቦታቸው ትክክለኛ ሕክምናዎች ናቸው። ስቴንት የምንለው የተዘጋውን ቱቦ ከፍቶ እንዲይዝ ውስጡ የሚቀመጥ ትንሽ ቱቦ ነው። ምርጫው የሚወሰነው ግን በዘዴው አዲስነት አይደለም። ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፦ መዘጋቱ የት ላይ ነው? ሐሞቱ ከፈሰሰ በኋላስ ምን ታስቧል? ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ ወይስ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ? የመጀመሪያው መልስ ሲቲ ስካናችሁ ላይ አለ። ሁለተኛውን ግን ማንም የነገራችሁ አይመስልም። ክርክሩ የበዛባችሁም ለዚህ ነው።

ሐሞት የሚመረተው ጉበት ውስጥ ነው። ከቀኝና ከግራ የጉበት ክፍል የሚወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ገባር ወንዞች እየተገናኙ ጉበት በር ላይ አንድ ይሆናሉ። ዋናው ቱቦ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቆሽት ራስ ውስጥ ያልፋል፤ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ይፈስሳል። ቆሽት ራስ ላይ ዕጢ ሲያድግ ይህን ቱቦ ጨምቆ ይዘጋዋል። መውጫ ያጣው ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል፤ በደም ምርመራ የሚለካው ቢሊሩቢን የሐሞቱ ቢጫ ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ቆዳ ያሳክካል። የአባትዎ ቱቦ 17 ሚሊ ሜትር የደረሰው ከታች ስለተዘጋ ነው። ጤነኛ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ስለዚህ ይህ የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት መቆጣት አይደለም። የሚጠጣ ቅጠል የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። አንዳንዱ እንዲያውም የተጨናነቀውን ጉበት የበለጠ ይጎዳል። እባክዎ የባህል መድኃኒቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ጠበል መጠጣት ከፈለጉ አልከለክልም፤ ግን የሕክምና ቀጠሮ አይለፍበት። ለማሳከኩ የሚሰጡ የአለርጂ ክኒኖችም ትንሽ እንቅልፍ ከማምጣት ያለፈ ጥቅም የላቸውም። ቱቦው ሲከፈት ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል።

ዘመዶቻችሁ የፈሩትን ነገር በቀጥታ ልመልስ። በኢንዶስኮፒ ስቴንት ማስገባት ካንሰሩን አያሰራጭም። ካንሰሩ የሚሰፋው በራሱ ጊዜ ነው፤ ያልተነካ ካንሰርም ይሰራጫል። በቆዳ በኩል ወደ ጉበት የሚገባ መርፌና ቱቦ የካንሰር ሴል በመንገዱ ላይ የሚተውበት አጋጣሚ አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ይህ በተለይ የሚያሳስበን ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የሚችል ሰው ላይ ነው። አለመንካቱ የሚያመጣው ጉዳት ግን የተረጋገጠ ነው። ሐሞት እንደተዘጋ ሲቆይ ጉበት ይደክማል፤ ደም የመርጋት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ኩላሊት ይጎዳል። ኬሞቴራፒም መጀመር አይቻልም።

በሌላ በኩል ደግሞ ስቴንቱ ካንሰሩን አያክምም። ዕጢውን አያሳንሰውም፤ ዕድሜ ማስረዘሙም የሚመጣው ለሚቀጥለው ሕክምና በር ስለሚከፍት ነው። ይህን የምለው ስቴንቱ ከገባ በኋላ ዓይናቸው ሲጠራ ዳኑ ብለው ካንሰር ሐኪም ጋር ሳይሄዱ የሚቀሩ ቤተሰቦች ስላሉ ነው። ዓይን የጠራበት ቀን ዋናው ሕክምና የሚጀመርበት ጊዜ ነው።

ሐሞቱ መፍሰስ አለበት ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ቢጫ የሆነ ታማሚ ሁሉ ከቀዶ ሕክምና በፊት መፍሰስ ያለበት ይመስለዋል። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ያምኑ ነበር። በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት ይህን እምነት ለወጠው። የቆሽት ራስ ካንሰር ያለባቸው 202 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ግማሾቹ በመጀመሪያ ስቴንት ገብቶላቸው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠበቁ። ከባድ ችግር የደረሰባቸው በቀጥታ ከተቀደዱት 39 በመቶ፣ ቀድሞ ከፈሰሰላቸው 74 በመቶ ሆኑ። በዚያ ጥናት ስቴንቶቹ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነበሩ። ቢሊሩቢናቸው እጅግ ከፍ ያለ ሰዎችም አልተካተቱም፤ ጣሪያው በእኛ መለኪያ ወደ 14.6 ገደማ ነበር። ቢሆንም ትምህርቱ ጸንቷል። በቅርብ ቀን የሚቀደድ ሰው ትኩሳት ከሌለው፣ ማሳከኩም የሚቻል ከሆነ፣ ሳያስፈልግ ቱቦው አይነካም።

አባትዎ ግን ከዚህ ቡድን ውስጥ አይደሉም። ዕጢው ዋናውን የደም ቧንቧ ከከበበ አሁን ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ አይቻልም። ሌላ ቦታ ስላልተሰራጨ ቀጣዩ ነገር ኬሞቴራፒ ነው። ለቆሽት ካንሰር ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች አንዱ ኢሪኖቴካን ነው። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በጉበትና በሐሞት በኩል ነው። ቢሊሩቢን 16 ሆኖ ቢሰጥ መርዝ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ለእርሳቸው ሐሞቱ መፍሰስ አለበት፤ መፍሰስም ያለበት ለወራት ሳይዘጋ በሚቆይ መንገድ ነው። የምርጫው ቁልፍ ይህ ነው። የሚቀጥለውን ሁሉ ከዚህ አንጻር ያንብቡት።

የመጀመሪያው መንገድ ኢአርሲፒ ነው። ታማሚው ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ በጨጓራ በኩል ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። ሐኪሙ የሐሞት ቱቦ መውጫ ቀዳዳዋን ያገኝና ቀጭን ሽቦ ያስገባል። በራጅ እያየ የጠበበውን ቦታ ያልፍና ስቴንት ይተክላል። በዚህ መንገድ ስቴንት ማስገባት የተጀመረው ጀርመን፣ ሐምቡርግ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በሐኪሙ ኒብ ሶሄንድራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። ወንድምዎ የድሮ ነው ማለታቸው እውነት ነው። ዕድሜው ግን እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ችግሮቹ በደንብ ታውቀዋል፣ መከላከያቸውም ታውቋል።

ከችግሮቹ ዋናው የቆሽት መቆጣት ነው። የሐሞቱ ቀዳዳ የቆሽቱም መውጫ ስለሆነች ስትነካካ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል። ከመቶ ሰው ከ3 እስከ 10 ላይ ይደርሳል። አብዛኛው በጥቂት ቀን ይድናል፤ ጥቂቱ ግን ከባድ ይሆናል። በፊንጢጣ የሚሰጥ 100 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢንዶሜታሲን ይህን አደጋ ይቀንሳል። ዋጋው ርካሽ ነው። የኩላሊት ችግር ወይም ለመድኃኒቱ አለርጂ ከሌለባቸው እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። ደም መፍሰስ፣ የአንጀት መበሳትና የሐሞት መስመር ኢንፌክሽንም አሉ፤ እነዚህ ግን ያን ያህል አይበዙም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ስቴንቱ ዓይነት ልምጣ። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር አልስማማም። የተለመደው የፕላስቲክ ስቴንት ወርዱ 3.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የብረቱ ደግሞ ታጥፎ ገብቶ በራሱ ይከፈትና 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ፕላስቲኩ በባክቴሪያና በሐሞት ዝቃጭ ተሞልቶ በሦስት ወር ገደማ ይዘጋል። የብረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ባለበት ሰዓት ስቴንቱ ቢዘጋና ሐሞቱ ቢመረቅዝ ለሕይወት ያሰጋል። ባይገድልም ኬሞው ይቋረጣል። የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ ከጉበት ውጭ ያለው የሐሞት ቱቦ በካንሰር ሲዘጋ ለማስታገሻ የብረት ስቴንት እንዲገባ ይመክራል።

ፕላስቲክ የሚመረጠው በዋጋ ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ። የብረቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ በየጊዜውም ገበያ ላይ አይገኝም። ሒሳቡን ግን እስከ መጨረሻው ያስሉት። ፕላስቲኩ በየሦስት ወሩ ሲቀየር ሙሉ ኢአርሲፒ፣ ማደንዘዣና አልጋ እንደገና ይከፈላል። በመሃል ከተዘጋ የድንገተኛ ክፍልና የአንቲባዮቲክ ወጪ ይጨመራል። ከሦስት አራት ወር በላይ ለሚኖር ሰው ብረቱ በመጨረሻ አይወደድም። ፕላስቲክ ተገቢ የሚሆነው ታማሚው በጣም ደክሞ የቀረው ጊዜ አጭር ሲሆን፣ ወይም ምርመራው ገና ሳይረጋገጥ ሐሞቱ በአስቸኳይ መፍሰስ ሲኖርበት ነው። ብረት ጨርሶ ካልተገኘም ፕላስቲክ ገብቶ መቆየት ሳይፈስ ከመቅረት እጅግ ይሻላል።

የብረት ስቴንትም ሁለት ዓይነት ነው፦ ሽፋን ያለውና የሌለው። ሽፋን የሌለው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይያዛል። ቦታውን አይለቅም፤ ግን ዕጢው በወንፊቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ሊዘጋው ይችላል። አንዴ ከገባም አይወጣም። ሽፋን ያለው ዕጢ አያስገባም፤ ሲፈለግም ይወጣል። ችግሩ አንዳንዴ ከቦታው መንሸራተቱ ነው። የሐሞት ከረጢቱን መውጫ ሸፍኖ ከረጢቱ እንዲቆጣም ሊያደርግ ይችላል።

በዚህ ቦታ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ናሙናቸው ካንሰር መሆኑን ሳያረጋግጥ ሽፋን የሌለው ብረት አይግባ። የቆሽት ራስ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ የቆሽት መቆጣት አለ፤ በስቴሮይድ ይድናል። የሊምፍ ዕጢ ቲቢም በሲቲ ላይ ካንሰር ሊመስል ይችላል፤ እንደኛ ቲቢ ባለበት አገር ይህን መርሳት አይገባም። በአባትዎ ሁኔታ፣ የደም ቧንቧ መከበቡን ስናይ፣ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ቢሆንም ያለ ናሙና ውጤት ኬሞ አይጀመርም። ናሙናው በኢአርሲፒ ጊዜ በብሩሽ ይወሰድ ቢባል ብሩሹ ካንሰር እያለ «አልተገኘም» ማለቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የተሻለው በኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ የሚወሰድ የመርፌ ናሙና ነው። ከተቻለ ይህ ናሙና ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት ወይም በዚያው ማደንዘዣ ይወሰድ። ያ ካልተገኘ ቀዶ ሕክምና ለማይደረግለት ሰው በሲቲ ወይም በአልትራሳውንድ እየታዩ በሆድ በኩል መውሰድ ይቻላል።

ወንድምዎ የሚሉት አዲሱ ዘዴም በዚሁ የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ የሚሠራ ነው። ካሜራው ጫፍ ላይ አልትራሳውንድ አለ። ሐኪሙ አንጀት ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ማዶ ያለውን የሰፋ የሐሞት ቱቦ ያያል። ከዚያ በመርፌ ወይም በኤሌክትሪክ በሚቆርጥ ስቴንት ግድግዳውን በስቶ አንጀቱንና ቱቦውን ያገናኛል። ሐሞቱ ዕጢውን ሳይነካ በአቋራጭ ይፈስሳል። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ውስጥ ሐኪሙ ማርክ ጆቫኒኒ በ2001 አሳትሞ ካስተዋወቀው ወዲህ መሣሪያው በጣም ተሻሽሏል። የተዘጋውን ቀዳዳ ስለማይነካ የቆሽት መቆጣት አያመጣም ማለት ይቻላል። በ2018 በኮሪያ 125 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት በኢአርሲፒ ከታከሙት 14.8 በመቶ ቆሽታቸው ሲቆጣ በአልትራሳውንዱ ከታከሙት አንድም አልነበረም።

በ2023 ደግሞ ሁለቱን ዘዴዎች እንደ መጀመሪያ ሕክምና ያወዳደሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። በአንዱ 155 ሰዎች ነበሩ። ስቴንቱን በትክክል ማስገባት የተቻለው በአልትራሳውንድ 96.2 በመቶ፣ በኢአርሲፒ 76.3 በመቶ ላይ ነው። ከዓመት በኋላ ሳይዘጋ የቆየው ግን ሊለያይ አልቻለም፦ 91.1 እና 88.1 በመቶ። በካናዳው ጥናት 144 ሰዎች ነበሩ፤ የስቴንት ብልሽት በሁለቱም ወገን ከመቶ አሥር ገደማ ሆነ። አዲሱ ዘዴ ፈጥኖ አልቋል። ልብ ይበሉ፤ ጥናቶቹ የሚሉት አሮጌው መንገድ ተሸነፈ አይደለም። ልምድ ባለው እጅ ሁለቱም አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ አዲሱ ፈጣንና ለቆሽት የሚመች ነው፤ እያሉ ያሉት ይህን ነው።

ወሳኙ ቃል ልምድ ነው። በኢአርሲፒ ስቴንት የተሳሳተ ቦታ ቢሄድ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያው በተፈጥሮ መንገዱ ውስጥ ነው። እዚህ ግን በሁለት አካላት መካከል አዲስ ቀዳዳ እየተከፈተ ነው። ስቴንቱ በመሃል ቢያመልጥ ሐሞት ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል፤ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሰው የሞተባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። ቱቦው በደንብ የሰፋ መሆን አለበት፤ ብዙዎች ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይጠይቃሉ። የአባትዎ 17 በዚህ በኩል ይመቻል። ዕጢው አንጀቱንም አጥብቦት ከሆነ ግን ከዚህ ስፍራ የሚገባው ስቴንት በቀላሉ ይዘጋል። ያኔ ከጨጓራ ወደ ግራው የጉበት ክፍል የሚገባ ሌላ ዓይነት አቋራጭ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ብቻ በሚሠራ ሐኪም እጅ አዲሱን ዘዴ ከመሞከር ብዙ በሠራ እጅ ኢአርሲፒ ማሠራት ይሻላል። እዚህ ላይ አልጠራጠርም።

ሁለተኛው ሐኪም ያሉት የጎን ቱቦ የራጅ ባለሙያ ሥራ ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ በጎን አጥንቶች መካከል ወደ ጉበት መርፌ ይገባል፤ ከዚያ ቱቦ ይቀመጣል። ይሠራል፤ ሕይወትም ያድናል። ታማሚው ሐሞቱ መርቅዞ ደሙ ተበክሎ ኢንዶስኮፒ ከሌለ፣ ወይም ኢአርሲፒ ሞክሮ ካልተሳካ፣ ወደዚህ መሄድ ግድ ነው። ለአባትዎ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን ግን አልመክርም። ቱቦው ያማል፣ ሲያንቀላፉ ይሳባል፣ አንዳንዴ ወልቆ ይወድቃል፣ የገባበት ቆዳ ይመረቅዛል። ሐሞቱ ወደ ውጭ ሲፈስ በቀን ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ፈሳሽና ጨው ይወጣል። ቀድሞም የከሱ ሰው ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሆዳቸው ውኃ ከቋጠረ ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ግድ ሆኖ ከገባ ግን ባለሙያው በሌላ ቀን በዚያው መንገድ የብረት ስቴንት አስገብቶ ቱቦውንና ሐሞቱ የሚጠራቀምበትን የውጭ ከረጢት ማውጣት ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ከረጢቱ የዕድሜ ልክ መሆን የለበትም። ኢአርሲፒ ሲከሽፍ አልትራሳውንዱና የጎን ቱቦው ሁለቱም ካሉ የአውሮፓው ማኅበር የ2022 መመሪያ ልምድ ባለበት ቦታ አልትራሳውንዱን ያስቀድማል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ቤተሰቦች እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ መዘጋቱ ከታች፣ ቆሽት አካባቢ ሲሆን ነው። መዘጋቱ ከላይ፣ ቀኝና ግራ ቱቦዎች በሚገናኙበት በጉበት በር ላይ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ አንድ ስቴንት ላይበቃ ይችላል። ቢያንስ ግማሽ የሚሆነው የጉበት ክፍል እንዲፈስ ነው የምንፈልገው። ሐኪሙ በቅድሚያ ኤምአርአይ አይቶ የትኛውን ክፍል እንደሚያፈስ ማወቅ አለበት። የማይፈስ ክፍል ውስጥ የራጅ ቀለም ከገባ ያ ክፍል ይመረቅዛል። በዚያ ሁኔታ የጎን ቱቦው ብዙ ጊዜ ቀዳሚ ምርጫ ነው። ሽፋን ያለው ብረትም የጎን ቅርንጫፎችን ስለሚዘጋ አይመከርም። የዘመድ ወይም የጎረቤት ታሪክ ለእናንተ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀዶ ሕክምና አድርጎ የሐሞት ቱቦውን ከአንጀት ጋር መስፋትም አለ። ከስቴንት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስከፍለው ግን ከባድ ነው። ዕጢውን ለማውጣት ሆድ ተከፍቶ የማይወጣ ሆኖ ሲገኝ ተገቢ ነው። ለዚህ ብቻ ብሎ መቀደድን ለአባትዎ አልመክርም።

ውጭ መሄዱን በተመለከተ፣ ለዘዴው አዲስነት ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። በ16 ቢሊሩቢን ቪዛና ትኬት እየጠበቁ ሳምንታት ማሳለፍ አደገኛ ነው። ሐሞቱ በመንገድ ላይ ቢመረቅዝ አውሮፕላን ውስጥ የሚያክማቸው የለም። ኢአርሲፒ አዲስ አበባ ውስጥ በጥቂት ሐኪም ቤቶች ይሠራል። መጀመሪያ እዚህ ይፍሰስላቸው። ከዚያ ለኬሞቴራፒው ወይም ለቀዶ ሕክምና አስተያየት ውጭ መሄድ ከፈለጋችሁና አቅሙ ካለ ዓይናቸው ጠርቶ፣ ጉልበታቸው ተመልሶ ይሄዳሉ። ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ ትልቁ እርዳታ የብረት ስቴንቱን ወጪ መሸፈን ነው። ስቴንቱን ከውጭ ገዝተው መላክ ካሰቡም ከመግዛታቸው በፊት የሚሠራውን ሐኪም ያነጋግሩ። ርዝመቱና ማስገቢያው እዚህ ካለው መሣሪያ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ይባክናል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ኢአርሲፒ ይሠራላቸው፤ የሚገባው 10 ሚሊ ሜትር የብረት ስቴንት ይሁን። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ካልተቻለ ሙሉ ሽፋን ያለውና ሊወጣ የሚችለው ይግባ። ርዝመቱ አጭር ይሁን፤ ከላይ ጉበት በር ድረስ እንዳይደርስ። ኬሞው ሠርቶ ዕጢው ከደም ቧንቧው ከራቀና ቀዶ ሕክምና የሚቻል ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ የሚሰፋበት ጤነኛ ቱቦ ያስፈልገዋል። ኢአርሲፒው ካልተሳካ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ካለ በአልትራሳውንድ፣ ከሌለ በጎን ቱቦ ይቀጥሉ። ከሁለት ቀን በላይ አትጠብቁ፤ ተሞክሮ ያልተሳካ ኢአርሲፒ ቱቦውን በባክቴሪያ ሊበክለው ይችላል።

ከመሠራቱ በፊት የደም መርጋት ምርመራ ይታይ። ሐሞት አንጀት ሳይደርስ ቫይታሚን ኬ ከምግብ አይገባም፤ ስለዚህ ደማቸው ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። በመርፌ በሚሰጥ ቫይታሚን ኬ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይስተካከላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አይደብቁ። የሚሠራውን ሐኪም በዓመት ስንት እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካልተሳካ ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነና ማን እንደሚሠራውም ይጠይቁ። የዚህ መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ስቴንቱ ከገባ በኋላ ሽንት በቀናት ውስጥ ይጠራል። ቢሊሩቢኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ በግልጽ መውረድ መጀመር አለበት፤ ለኬሞ እስኪበቃ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ካልወረደ ዝም ብለው አይጠብቁ፣ ይመለሱ። በምግብ በኩል ዕጢው የቆሽቱንም መውጫ ስለሚዘጋ ቅባት ላይፈጭላቸው ይችላል። ሰገራቸው የሚንሳፈፍና የሚከረፋ ከሆነ ከምግብ ጋር የሚወሰድ የቆሽት ኢንዛይም እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ። የሚጾሙ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። በዚህ ክሳት ላይ ጾም ይጎዳቸዋል፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ፈቃድ አለ።

አባትዎ ስለማያውቁት ነገርም ዝም ብዬ አላልፍም። ልታስጨንቋቸው ስላልፈለጋችሁ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ሰውነታቸው ውስጥ ብረት ሊገባ ነው፣ ኬሞ ሊጀመር ነው፣ ፈቃዱ የእርሳቸው ነው። ሁሉን በአንድ ቀን መንገር አይጠበቅባችሁም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ይጠይቋቸው፤ ሐኪሙ ባለበት ቢሆን ይሻላል። ሌላ ምክንያትም አለኝ። ስቴንት እንዳላቸው የሚያውቅ ሰው የአደጋ ምልክቱን ቀድሞ ይናገራል።

ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ የዓይን እንደገና መቢጨት፣ የሽንት መጥቆርና የማሳከክ መመለስ ናቸው። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ፣ ታይፎይድ ወይም ወባ ነው ብሎ ከፋርማሲ መድኃኒት መግዛት አይሆንም። የተዘጋ ስቴንት በአንቲባዮቲክ ብቻ አይከፈትም፤ መጽዳት ወይም በውስጡ ሌላ መግባት አለበት። የስቴንቱ ዓይነት፣ ርዝመቱና የገባበት ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ሐኪሙን ጠይቀው ይቀበሉ፤ ፎቶ አንስተው ለእርስዎም ለወንድምዎም ስልክ ላይ ያስቀምጡት። ሌላ ሐኪም ቤት በድንገት ቢገቡ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።